ሲወለድ የሚስቅ ወይን

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ሀዳር በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የወይን ጠጅ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ደረጃ ስወጣ ስወርድ ኖሬ፣ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለ ጠየቀ እሺ አልኩት። በስንብቱ ቀን የሱቁ ወጣቶች ኬክ ገዙ፣ ፊኛ ነፉ፣ አንዷም ስልኳን እያየች ንግግር አነበበችልኝ። አለቀስኩ። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «ለመሆኑ የትኛውን እንክፈት?» ሲል ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። በገዛ ስንብቴ ላይ ሠራተኛዋ እኔው! እየሳቅሁ ምድር ቤት ወርጄ ስድስት ዓመት የተኛ ነጭ ወይን ይዤ ወጣሁ። ግሩም ነበር፤ ለራሴ ስመርጥ ደግሞ አልሰስትም።

ሰው ሥራዬን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። የጎንደር ገጠር ልጅ፣ ጠላ ስትጠምቅ ያደገች፣ ከፈረንሣይ ወይን ጋር ምን አገናኛት ይላሉ። ያገናኘን መወልወያ ነው። ሱቁ የገባሁት ወለል ላጸዳ ነበር። ከዚያ በፊት ካርሜል ተራራ ላይ ባለ ሆቴል አንሶላ አጥቤያለሁ፤ አለቃችን ሰዓቱን እያየ መታጠቢያ ቤት ድረስ የሚከተል ሰው ነበር። ቀጥሎም የአዛውንት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚያ እንኳ ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ወገቤ ግን አልቻለም። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ቤት ኪራይና አውቶቡስ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል።

የሱቁ ባለቤት ክላራ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከሩማንያ የመጡ፣ ቁመታቸው እስከ ትከሻዬ የማይደርስ፣ ድምፃቸው ግን እስከ ወደቡ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለው እናቴን በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት «አንቺ» ማለት አፌን ሲያቃጥለኝ ኖሯል። ስለዚህ አሁን በአማርኛ ስጽፍ የሠላሳ ዓመት ዕዳዬን ልክፈል፤ እሳቸው፣ እርስዎ፣ እመቤቴ።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል አንድ ሻጭ ናሙና አምጥቶ፣ ከክላራ ጋር ቀምሰው ተነጋግረው፣ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ወይን ቀርቶ ነበር። በእኛ አገር መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳው እንዲያምን። እኔም ሳላስበው መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና አሸተትኩት። ቀና ስል ክላራ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

መወልወያውን ጥዬ ልጠፋ ነበር። «ምንም» አልኩ።

«ምንም የሚያሸት ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ሸተተሽ?»

«እንጨት» አልኩ። «ርጥብ እንጨት። እናቴ የጠላውን ጋን በወይራ ስታጥን ወይራው በደንብ ካልደረቀ ጠላው እንዲህ ይሸታል። ከወር በኋላ ይመርራል።»

ክላራ መጥተው እጄን ያዙና የራሴን መዳፍ አሸተቱት። ከዚያ ብርጭቆውን አሸተቱ። ከዚያ እንደገና መዳፌን። ወዲያው ስልክ አንሥተው ለሻጩ «የዚያን ወይን ትእዛዝ ሰርዝ» አሉት። በርሜሉ ከርጥብ እንጨት የተሠራ መሆኑን ሰውየው ራሱ በኋላ አምኗል ብለው ነገሩኝ። የመዳፍ ሙቀት ብርድ የሸፈነውን ሁሉ እንደሚያወጣ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ግን መወልወያውን ሌላ ሰው ያዘው።

የተማርኩት ነገር በአንድ ዓይነት ወይን ላይ ነው። ፈረንሣይ ውስጥ ቡርጎኝ በሚባል አገር ሻርዶኔ ከሚሉት ፍሬ የሚሠሩት ነጭ ወይን አለ፤ እዚህም ገሊላና ይሁዳ ተራሮች ላይ በእነሱ ስልት የሚሠሩ አሉ። በእንጨት በርሜል ይብላላል፣ ከአተላው ጋር ወራት ይቀመጣል፣ ከዚያ ጠርሙስ ገብቶ ዓመታት ይተኛል። ከፈረንሣይ የሚመጣው አብዛኛው ካሼር፣ ማለት በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ስላልሆነ በአፌ አላስገባውም፤ አሸተው ነበር እንጂ። ክላራ ይቀምሳሉ፣ እኔ አሸታለሁ፣ ከዚያ እንከራከራለን። በኋላ በኋላ አፍንጫዬ ከምላሳቸው ሲቀድም መናደድ ጀመሩ፤ ንዴታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ገሊላ የወሰዱኝ ቀን አንድ ወይን ጠማቂ በረጅም ብረት የበርሜሉን አተላ ሲያማስል አየሁ። «ሰውዬው አብዷል እንዴ? እኛ አገር አተላ ለከብት ነው!» አልኩ። ክላራ ሲስቁ ወይን ጠማቂው ከበርሜሉ ቀድቶ ሰጠኝ። ገና የተቦካ ሊጥ ይሸታል። ስቀምሰው አፌን ሞላው፤ ምላሴ ላይ ሳሳ ብሎ አያልፍም፣ ይቀመጣል። አተላውን ሲያማስሉ ወይኑ እንደሚወፍር የገባኝ ያን ቀን ነው።

ክላራ ልማድ የሚባል ነገር ነበራቸው፤ ልማድ እንኳ ሲያንሰው ነው፣ ሕግ ነበር። ከመቅመሳቸው በፊት ጨው የሌለው ቀዝቃዛ የተቀቀለ ድንች ይበላሉ፤ አፍ ይጠርጋል ይላሉ። ቀለበታቸውን ያወልቃሉ። ሽቶ የተቀባ ሰው ምድር ቤት አይወርድም፤ አንድ ጊዜ ፖስተኛውን ከደረጃው መካከል መልሰውታል። ከቀትር በኋላ አይቀምሱም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ አንድ ሰዓት ሳይቆይ አይነካም። «ብርድ ጠበቃ ነው፤ የወይኑን ጥፋት ሁሉ ይሸፍንለታል» ይሉኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ይህን ነው። ዛሬ ጠዋት የከፈቱትን ጠርሙስ ገሚሱን ቀምሰው ቡሹን መልሰው ይደፍኑትና ለነገ ያኖሩታል። በማግስቱ ከትናንቱ ከተሻለ ገዝተው ያስተኙታል፤ ከደከመ አይገዙትም። ወይን ሲከፈት አየር ይነካዋል፤ አንድ ቀን አየር ያልቻለ አምስት ዓመት አይችልም። ዛሬም ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምለው ይኸንኑ ነው፤ ጠርሙስ አትግዛ፣ ሁለት ቀን ግዛ።

«ሲወለድ የሚስቅ ወይን አያረጅም» ይሉ ነበር ክላራ። ገና በልጅነቱ ቅቤና ቫኒላ እየሸተተ የሚያቅፍህን ወይን አትመን፣ በጋውን ጠጥተህ ጨርሰው። የሚቆየው ሲወለድ ፊቱን የሚቋጥር ነው። እንደ ሎሚ ምላስን የሚሰበስብ ኮምጣጣነት ሊኖረው ይገባል፤ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነው። ስትውጠው ደግሞ ጣዕሙ ወዲያው ከጠፋ አልሆነም።

ሲያስተኙትም ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ በጎኑ ይተኛል፤ ቡሹ እንዳይደርቅ። ብርሃን አያየው፣ አይንቀጥቀጥ። የእኛ ምድር ቤት አንዱ ግድግዳ በአውቶቡስ መንገድ በኩል ነበር፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንጫጫል። ስለዚህ በዚያ በኩል ርካሹን፣ በውስጥ በኩል የሚቆየውን እናስቀምጥ ነበር። ዐሥራ ሁለት ለሚገዛ ደንበኛም ክላራ አንድ ሕግ አላቸው፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አንዱን ይከፍታል። ያንን «ጠያቂ ጠርሙስ» ይሉታል። አንዱ ይሞታል፣ የሌሎቹን ጤና ይነግርሃል።

እንግዲህ የኔ ውድቀት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሞሼ የሚባል ደንበኛ ነበረን። ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዳ የኖረ፣ ክርያት ሞጽኪን የሚኖር፣ ከኔ ዐሥር ዓመት ቢበልጥም አንተ ካልተባለ የሚቆጣ ሰው ነው። አንድ ቀን መጥቶ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ እሱና ባለቤቱ ሹላ የጋብቻ አርባኛ ዓመታቸውን እንደሚያከብሩ፣ ለዚያ ቀን የሚቆይ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ነጭ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ክላራ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን በመሆኔም ደስ ብሎኛል።

መረጥኩለት። የላይኛው ገሊላ ወይን ነበር፤ ወርቅ የመሰለ፣ ገና ብርጭቆ ውስጥ ሳይገባ የሚስቅ። ለሁለተኛ ቀን አላቆየሁትም። «ግሩም ነው» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሴን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ሞሼ ጠርሙሶቹን ማማድ ውስጥ፣ ማለት ለጥቃት ጊዜ በተሠራችው የኮንክሪት ክፍሉ ውስጥ አስተኛቸው።

በሦስተኛው ዓመት የዳስ በዓል ሰሞን ሞሼ ስልክ ደወለ። «ውባለም፣ ጠያቂውን ጠርሙስ ልከፍት ነው፤ አንቺ ካልመጣሽ አልከፍትም» አለ። ሄድኩ። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ በተሠራው ዳስ ጥላ ሥር ሹላ ዓሣ ሠርታ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ያላትን ሁሉ ደርድራ ጠበቀችኝ። ሞሼ ቀዳ። ገና ሲቀዳ ቀለሙን አየሁት፤ ከሦስት ዓመት ዕድሜው በላይ ጠቁሯል። አፍንጫዬን ሳስጠጋ የተቀጠቀጠ ፖም ይሸታል፣ ከኋላው የቆየ ለውዝ። መሞት ጀምሯል። ለአንድ በጋ ይጠጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንም። አወቅኩ፤ እንደማላውቅ መሆን አልችልም።

«ኑ?» አለ ሞሼ፤ እህስ፣ እንዴት ነው ማለቱ ነው።

ሹላ ታየኛለች። ዓሣው ይታየኛል። እንግዳ ነኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት ሰው የቀዳልህን መጠጥ መንቀፍ ሰውየውን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ጠላው ቢኮመጥጥ «እሰየው» ይባላል፣ ቢቀጥንም «እሰየው» ይባላል።

«እጅግ ጥሩ ነው» አልኩ።

የተጋበዝኩት ግን ለእንግድነት ብቻ አልነበረም። የተጠራሁት ልፈርድ ነው። ይህን ልዩነት ያን ቀን ብለየው ኖሮ የምጽፈው ትዝታ ባጠረ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ከእኔ ሆድ ግን ብቅሉም አላወጣውም። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወደ ቤቴ ወደ ነሸር ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ ነገ እደውላለሁ እያልኩ ነበር። አልደወልኩም። ነገው ሦስት ዓመት ሆነ።

በዚህ መካከል ክላራ ሰማንያ ሞላቸው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ገሊላ ዞረን ሱቁ የሚገዛውንና የሚያስተኛውን ነጭ ወይን እንመርጣለን፤ ቃሉ የሳቸው፣ ማሽተቱ የኔ ነው። በዚያ ዓመት መኸር ጠርተው «ከመጪው ፋሲካ በኋላ ለብቻሽ ትሄጃለሽ። የመረጥሽውን እገዛለሁ፤ አልጠይቅሽም» አሉኝ። ቤቴ ስደርስ ለልጄ ለታሊ ነገርኳት። ወለል ወልዋይ ሆኜ የገባሁበት ሱቅ ምድር ቤቱን በኔ አፍንጫ ሊሞላ ነው። ከዚያ በላይ የምመኘው ሹመት አልነበረኝም።

ከዚያ በሐኑካ በዓል ሰሞን የሞሼና የሹላ አርባኛ ዓመት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው ያህል ተሰብስቧል፣ የልጅ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሞሼ ከረባት አድርጓል። ስለ ወይኑ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስድስት ዓመት እንዴት እንደ ጠበቀው፣ በሩን በቀስታ ይዘጋ እንደነበር፣ ለሹላ እንኳ አንድ እንዳላስነካ። የመጀመሪያውን ከፍቶ ቀዳ። ሻይ ነው የሚመስለው። ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስተኛውን። ዐሥራ አንዱንም ከፈተ፤ ዐሥራ አንዱም ሞተዋል። አንድ ሰው ቢራ ሊያመጣ ሮጠ።

ሞሼ ቀይ ሆኖ ቆመና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ማማዱ ሙቀት አለው፤ እኔ ነኝ የገደልኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቅርታ ውባለም፤ ልፋትሽን አበላሸሁት» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን!

«አይዞህ» አልኩት። ዝም አይነቅዝም ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ የኔ ዝምታ ግን ከውስጥ በልቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ክላራ ድንች ሲልጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አላቆሙም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት። በዳስ ሰሞን።»

«ምን አልሽው?»

«እጅግ ጥሩ ነው አልኩት።»

«ለምን?»

«እንግዳ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ወይን ይበላሻል» አሉ። «የሚስቅ ወይን መርጠሽለታል፤ እኔም በሕይወቴ ስንቱን መርጫለሁ፣ ይቅር ይባላል። ግን ያን ቀን ብትነግሪው በጋውን ከሹላ ጋር ጠጥቶት፣ እኛም ሌላ እንፈልግለት ነበር። ጠያቂው ጠርሙስ ተናግሯል፣ አንቺ ነሽ አፉን የዘጋሽው። አሁን ሰውየው ራሱን እየወቀሰ ነው። ሄደሽ ንገሪው።» ደረጃው ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ለአንድ ሰው ፊት ለፊት ‹ወይንህ መጥፎ ነው› ማለት እስክትችይ ድረስ ገሊላ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ትክክል ነበሩ። ለዚህም ነው ያመመኝ።

ሦስት ጊዜ ሞጽኪን የሚሄድ አውቶቡስ ጠበቅኩ፣ ሦስት ጊዜ ሳልሳፈር ተመለስኩ። ብቻዬን ምን ብዬ እገባለሁ? በእኛ ደንብ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ስለዚህ ወደ አጎቴ ወደ አባ አድማሱ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጓደኛቸውን አባ ፈረደን ጠሩ። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አብራኝ የመጣችው ታሊ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ኢማ፣ ለወይን ሽማግሌ? አት ኖርማሊት? ጤነኛ ነሽ? ዋትሳፕ ላኪለት፣ ሓላስ፣ በቃ!» አለችኝ። አባ አድማሱ አላዩዋትም።

«ባዶ እጅሽን አይሆንም ልጀ» አሉ። «ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባ።»

«አባ፣ ድንጋይ ይዤ አውቶቡስ ብገባ ፖሊስ ይጠራብኛል።»

«እንግዲያው የምትሸጭውን ተሸከሚ። ስድስት ጠርሙስ ከድንጋይ አያንስም።»

እንዲህ ሆነን ሄድን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ እኔ ካርቶን ትከሻዬ ላይ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ለሽማግሌዎቹ ተነሥታ ለሠርግ እየሄድን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሞሼ በቁምጣ በሩን ከፈተ፤ ሁለት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችና አንገቷን የደፋች እኔን አየ።

«ማ ኮሬ? ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም፤ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው» አልኩ።

ሹላ ወንበር ስባ ብትለምንም አባ አድማሱ አልቀመጥ አሉ። «ምሕረት ሳናገኝ አንቀመጥም በያቸው።» ከዚያ ቆመው ቀጠሉ። «ልጃችን በድላዎታለች። አምነው ጠርተዋት ሳለ፣ ዓይኗ እያየ፣ አፍንጫዋ እያወቀ፣ የሚበላሸውን ደህና ነው ብላዎታለች። ተርጉሚ።»

በዕብራይስጥ «በጣም አዝናለሁ ይላሉ» አልኩ።

አባ አድማሱ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ዕብራይስጥ አይሰሙም ብሎ የሚያስብ ሁልጊዜ ይሳሳታል። «አንች! ሙሉውን ተርጉሚ!»

ሙሉውን ተረጎምኩ። ራሴን የምከስበትን ቃል በራሴ አፍ፣ ካርቶኑ ትከሻዬ ላይ እንዳለ። የፖሙን ሽታ፣ የቀለሙን መጥቆር፣ የሹላን ዓሣ፣ ‹ነገ እደውላለሁ› ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሞሼ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ።

«ታዲያ ማማዱ አይደለም?» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«ማቀዝቀዣ አስገባሁበት እኮ! ባለፈው ሳምንት!» ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ታውቂያለሽ? የሹላን ቀን ያበላሸሁ መስሎኝ። አንቺን አምኜ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ እጄ ካርቶኑን ስለ ያዘ ልጠርገው አልቻልኩም።

አባ አድማሱ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሞሼ ደንግጦ ብብታቸውን ይዞ አነሣቸው። «ሎ፣ ሎ፣ ሳባ! አይሆንም አባቴ! ቤሰደር! ይቅር ብያለሁ፣ ሁሉም ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ብቻ ተቀመጡ!» ካርቶኑንም ራሱ ከትከሻዬ አወረደው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መረቁት፤ እኔ ተረጎምኩ። ዕድሜው ይለምልም፣ ትዳሩ ይጽና፣ ቤቱ አይጉደል። ሹላ «አሜን» ስትል ትንሽ ሳቅ ሳቅ አላት።

እርቅ ደግሞ ደረቁን አይሆንም። ሞሼ ይህን እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ያለ ምልክት አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ፊቱ በርቷል። «ይሄ የኔ ነው! ከበረንዳው ወይን፣ በገዛ እጄ የጠመቅኩት ነጭ። እንደ ቡርጎኝ፣ ከአተላው ጋር አቆይቼ!» ለሁላችንም ቀዳ።

አባ አድማሱ ተጎነጩ። ዓይናቸው ጨፈን ከፈት አለ። «እሰየው» አሉ። አባ ፈረደም «እጅዎ ይባረክ» አሉና ብርጭቆውን በቀስታ ከከዘራቸው ኋላ አኖሩት።

«ኑ?» አለ ሞሼ ወደ እኔ።

አሸተትኩት። አፍንጫዬን ወጋኝ። አባ አድማሱ በዓይናቸው ይለምኑኛል፤ ምሕረቱ ገና ትኩስ ነው፣ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያፈርሰው። ሞሼ ደግሞ የበኩር ልጁን እንዳሳየኝ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። እንግዳ ነኝ። እንዲያውም ይቅርታ የተደረገለት እንግዳ። «እጅግ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሞሼ» አልኩ። «ይሄ ወይን አይደለም። ኮምጣጤ ነው። ሰላጣ ላይ አድርገው።»

«ምነው ልጀ!» አሉ አባ አድማሱ፤ ከዘራቸው ወደቀ። «ገና አሁን ታርቀን!»

ሹላ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ አላቆም አለ። «በየዓመቱ!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በየዓመቱ ያጠጣኛል! አንድ ሰው እስኪነግረው ስጠብቅ ስንት ዓመቴ!» ሞሼ ብርጭቆውን አንሥቶ ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። ከዚያ ወደ አበባው ማሰሮ ዞሮ ተፋው። ስልኩን አንሥቶ ቁጥር መታ። አለቀልኝ አልኩ።

«ክላራ?» አለ ሞሼ። «ሠራተኛሽ እዚህ ቤቴ ተቀምጣለች። ወይኔን ኮምጣጤ አለችው።» አዳመጠ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እውነት ነው?» አሉ ክላራ።

«እውነት ነው፤ ኮምጣጤ ነው።»

«ፊት ለፊት አልሽው?»

«ሽማግሌዎቹ ባሉበት።»

ድንች እየበሉ ይመስለኛል፤ ሲያኝኩ ይሰማል። «ቤሰደር» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ገሊላ ለብቻሽ ነሽ። ሽማግሌዎቹን ይዘሽ እንዳትሄጂ።»

ስልኩን ይዤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አባ አድማሱ ግን ጎንበስ ብለው፣ በአማርኛ፣ ስለ ኮምጣጤው ሞሼን ይቅርታ እየጠየቁ ነበር።